ከውጭ የተገዛው ዕቃ ደጀን ሲደርስ ስንት ሆነ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከጎጃም የመጡ ናቸው። የሚያነሡትም አንድ ጉዳይ ነው፦ የመንግሥት የልማት ድርጅት ከውጭ አገር መግዛት ሲጀምር የግዥ ሥራው ይሻሻላል ወይስ ይበላሻል? ጠያቂዎቹ ስማቸውና ድርጅታቸው እንዳይጠቀስ ስለፈለጉ ከተማቸውንና የሥራ መደባቸውን ብቻ ጽፈናል።

ጥያቄ (የግዥ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ)፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምሠራው በክልል የልማት ድርጅት ውስጥ ነው። ዓምና ፓምፕና መለዋወጫ በዓለም አቀፍ ጨረታ ገዛን። ዋጋው የአዲስ አበባ አስመጪዎች ካቀረቡልን በብዙ ያነሰ ስለነበር በሪፖርቴ ላይ ልዩነቱን «ቁጠባ» ብዬ አስገባሁት። ሥራ አስኪያጃችን ግን «የግዥ ክፍሉ አፈጻጸም ወርዷል» ይላሉ። ትክክሉ ማን ነው?

መልስ፦ እርስዎ የያዙት ጨረታው የተከፈተ ዕለት የተነበበውን ዋጋ ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚያዩት ደግሞ ዕቃው ግምጃ ቤት እስኪገባ የወጣበትን ገንዘብና የገባበትን ቀን ነው። የግዥ ክፍል የሚመዘነው በሁለተኛው ስለሆነ ፍርዱን ለእሳቸው እንሰጣለን። ሒሳቡን ሠርተው ካሳዩዋቸው ግን ከቁጠባው የተወሰነው ሊተርፍልዎ ይችላል።

እንዲህ ይሥሩት። ዕቃው የባሕር ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮበት 1,000,000 ብር ሆነ እንበል፤ ጉምሩክ ሲአይኤፍ የሚለው ይህንን ነው። የጉምሩክ ቀረጥ እንደ ዕቃው ዓይነት ከ0 እስከ 35 በመቶ ይደርሳል፤ የእርስዎን 10 በመቶ ብለን እንውሰደው፤ 100,000 ብር። ኤክሳይዝ የለበትም እንበል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ሲሆን የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ በ1,100,000 ላይ ነው፤ 165,000 ብር። ሱርታክሱ 10 በመቶ ነው፤ እሱ የሚሰላው እስካሁን በተደመረው ሁሉ፣ በተጨማሪ እሴት ታክሱም ጭምር ላይ ስለሆነ ከ1,265,000 ላይ 126,500 ብር ይመጣል። በመጨረሻ በሲአይኤፍ ዋጋው ላይ 3 በመቶ ቅድመ ግብር አለ፤ 30,000 ብር። በድምሩ ጉምሩክ ላይ የሚከፈለው 421,500 ብር ሆነ ማለት ነው። እንደ ዕቃው ዓይነት የሚጨመሩም ነጻ የሚደረጉም ክፍያዎች ስላሉ የታሪፍ ቁጥሩን ይዘው ትራንዚተራችሁን (ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅላችሁን ወኪል) አስቀድመው ይጠይቁ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የዕቃው እውነተኛ ወጪ የትኛው ነው? ድርጅታችሁ በተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበና ታክስ የሚከፈልበት ሽያጭ ያለው ከሆነ 165,000ው ይቀናነሳል። 30,000ውም ከዓመቱ የትርፍ ግብር ላይ ይታሰባል። የማይመለሰው ቀረጡና ሱርታክሱ፣ 226,500 ብር ነው። የምትሸጡት ነገር ከታክሱ ነጻ ከሆነ ግን 165,000ውም አይመለስም፤ በወጪነት ይቀራል። የሚመለስም ቢሆን ገንዘቡ አስቀድሞ ወጥቶ ወራት ይቆያል። በጀት ሲያዝ ይህ ገንዘብ ተረስቶ ዕቃው ደረቅ ወደብ ደርሶ መክፈያ የሚጠፋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ያኔ የመጋዘንና የኮንቴይነር ኪራይ መቁጠር ይጀምራል።

በዚያ ላይ የባንክ ኮሚሽን፣ የወደብና የትራንዚት አገልግሎት፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ ደብረ ማርቆስ የጭነት ኪራይ፣ የክሬን ማራገፊያ ይምጣ። አስመጪው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው ዋጋ የሰጣችሁ፤ የውጭው ሻጭ ግን ከወደቡ ወዲህ ያለውን አንዱንም አልነካም። የእሱን የኤፍኦቢ ዋጋ (ዕቃው በውጭ አገር ወደብ መርከብ ላይ እስኪጫን ብቻ ያለውን) ከአስመጪው «ዕቃው በራችሁ ድረስ» ዋጋ ጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ቁጠባ ማለት አይቻልም።

የምንዛሬውን ነገር ለብቻው ያውጡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ በፊት ጨረታ ከፍቶ ከዚያ በኋላ ኤልሲ (ትክክለኛ ሰነድ ሲቀርብ ለሻጩ እንደሚከፈል ባንክ የሚገባው ግዴታ) የከፈተ ድርጅት በዶላር አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በብር እጥፍ ሊጠጋ ከፈለ። ይህ የገዢው ስንፍና አይደለም። የዶላሩን ዋጋና የምንዛሬውን ልዩነት በሁለት ዓምድ ካልጻፉት ግን ሥራ አስኪያጁም ኦዲተሩም ሁሉንም በእርስዎ ላይ ይቆጥሩታል።

ቀኑም ዋጋ አለው። የተጠናቀቀ ዝርዝር መግለጫ በእጅ እያለ እንኳ ጨረታው፣ ግምገማው፣ ውሉ፣ የምንዛሬ ወረፋው፣ ምርቱ፣ መርከቡና ጉምሩኩ ተደምረው ከ9 እስከ 12 ወር ቢወስዱ አይግረምዎ። ስለዚህ ምክራችን ቁርጥ ያለ ነው፦ ብዛት ያለውን፣ በዓመት ዕቅድ የሚታወቀውን፣ አገር ውስጥ በክምችት የማይገኘውን ዋና ዕቃ ከውጭ ግዙ። ጥቂት ፍሬ ቤሪንግና «ሜካኒካል ሲል» (የፓምፕ ዘንግ ማሸጊያ) ለማምጣት ኤልሲ መክፈት ግን ድካም ብቻ ነው፤ የ10,000 ዶላሩም የ1,000,000 ዶላሩም ኤልሲ የሚጠይቁት የሰው ጉልበት አንድ ነው። መለዋወጫው ከዋናው ዕቃ ጋር፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት የሚበቃ ሆኖ፣ በዚያው ውል ይግባ።

ጥያቄ (የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ እንጅባራ)፦ ከውጭ ያስመጣናቸው ትራንስፎርመሮችና ጄኔሬተሮች ወረቀታቸው ሁሉ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን ያሟላ» ይላል። ሥራ ላይ ሲውሉ ግን ጄኔሬተሩ የተጻፈበትን ኃይል አይሰጥም፣ ትራንስፎርመሩም ይሞቃል። ሻጩ አታለለን?

መልስ፦ ምናልባት አላታለላችሁም፤ የጠየቃችሁትን ሰጥቷችሁ ይሆናል። ዓለም አቀፍ ደረጃው አምራቹን የሚያስገድደው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ገዢው ሌላ ካልጻፈ አምራቹ ለዚያ ይሠራል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ደብረ ማርቆስም ከ2,400 ትበልጣለች። ጎጃም ደጋ ላይ የሚተከል ዕቃ ሲገዛ የዝርዝር መግለጫው የመጀመሪያ መስመር ከፍታው መሆን አለበት።

ለምን? አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመውሰድም ብልጭታ የመከልከልም አቅሙ ይቀንሳል። ለትራንስፎርመር ደረጃው ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር የውጪ ክፍተቱ በ1 በመቶ እንዲጨምር ይጠይቃል፤ ለ2,500 ሜትር 15 በመቶ ማለት ነው። በዘይት ተሞልቶ በአየር የሚቀዘቅዘው ዓይነት ደግሞ የሚፈቀድለት የሙቀት ጭማሪ በየ400 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ይቀንሳል። በዘይቱ አናት ላይ 60 ዲግሪ የሚፈቀደው እናንተ ዘንድ 56 ግድም ነው። ይህን በቁጥር ጻፉት፤ «ለአካባቢው የሚስማማ» የሚል ሐረግ ፍርድ ቤትም አያስከብርም።

ናፍጣ ሞተር ያለ ቱርቦ የሚሠራ ከሆነ በ100 ሜትር ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ ኃይል ያጣል። 100 ኪሎዋት የተጻፈበት እንጅባራ ላይ 75 ወይም 80 ቢሰጥ ጤነኛ ነው። ባለ ቱርቦው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ገደብ ስላለው የአምራቹን የከፍታ ሠንጠረዥ ከጨረታ ሰነዱ ጋር እንዲያቀርብ ይጠየቅ። ጨረታው የሚጠይቀው «በ2,500 ሜትር ላይ የሚገኝ የተጣራ ኪሎዋት» እንጂ ሳህኑ (ሞተሩ ላይ የተለጠፈው የመለያ ጽሑፍ) ላይ የታተመው ቁጥር መሆን የለበትም። ብዙ ተጫራች የሚያሸንፈው እዚህች ላይ ነው፤ አንዱ ትልቁን ሞተር አስልቶ ዋጋው ይወደዳል፣ ሌላው የሳህኑን ቁጥር ብቻ አይቶ ይረክሳል፣ ግምገማውም ርካሹን ያነሣል።

ፓምፕ የምትገዙም ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። መሬት ላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ በባሕር ወለል ላይ አየሩ እስከ 10.3 ሜትር ውኃ የመግፋት ኃይል ይሰጠዋል፤ 2,500 ሜትር ላይ ግን 7.6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የመሳቢያ ቧንቧው በስሌት «ልክ» ሆኖ ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ እየጮኸ ኢምፔለሩ (ውኃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) የሚበላው ከዚህ የተነሣ ነው። ሁለተኛው ፍሪኩዌንሲው ነው። የ60 ኸርትዝ ሞተር ያለበት ፓምፕ በእኛ 50 ኸርትዝ ሲዞር ፍጥነቱ ወደ 83 በመቶ ይወርዳል፣ የሚያነሣበት ከፍታ ደግሞ ወደ 69 በመቶ። ሪዘርቯየሩ ጉብታ ላይ ከሆነ ውኃው ላይደርስ ይችላል፤ ሞተሩም ቮልቴጁ አብሮ ካልተስተካከለ ይግላል።

ለትራንስፎርመር እነዚህን አትርሱ፦ መስመራችሁ ባለ 15 ወይም ባለ 33 ኪሎ ቮልት መሆኑ፣ ቬክተር ግሩፑ (የጠመዝማዛዎቹ አያያዝ) ካለው ጋር መመሳሰሉ፣ ታፕ ቼንጀሩ (የቮልቴጅ ማስተካከያው) ስንት ደረጃ እንዳለው። ብክነቱም በዋጋ ይመዘን። ሁለት ትራንስፎርመሮች ያለ ጭነት በሚያባክኑት ኃይል በ100 ዋት ቢለያዩ ልዩነቱ በዓመት 8,760 ሰዓት ሲባዛ 876 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ በ25 ዓመት 21,900። በመግዣ ዋጋ የረከሰው በብክነት ሊወደድ ስለሚችል የብክነቱ መመዘኛ ቀመር ጨረታው ከመውጣቱ በፊት በሰነዱ ይታተም። በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ቢጨመርም አቤቱታ ያስነሣል።

ፋብሪካ ላይ የሚደረገውን ፍተሻ አትዝለሉ። የጠመዝማዛው ሬዚስታንስ፣ የቮልቴጅ ሬሾው፣ ብክነቱና የኢንሱሌሽኑ ፍተሻ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ በመለያ ቁጥሩ ተለይቶ ይመዝገብ። የራሳችሁን ሰው መላክ ካልተቻለ እንደ ኤስጂኤስ ወይም ቢሮ ቬሪታስ ያለ ሦስተኛ ወገን ይቀጠር። የዚያ ክፍያ አንድ ትራንስፎርመር ከሞጆ መልሶ ከመላክ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው።

ጥያቄ (የፋይናንስ ኃላፊ፣ ቡሬ)፦ ኤልሲ ከፍተን ሰነዱ ሲመጣ ባንካችን «ዲስክሪፓንሲ አለበት»፣ ማለትም ከኤልሲው ጋር አይገጥምም፣ ብሎ አሳወቀን። ሻጩ ተቀበሉት እያለ ይለምናል፤ ዕቃው ጅቡቲ ደርሷል። ብንቀበል ኦዲት ያስጠይቀናል፤ ባንቀበል ዕቃው ይቆማል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ የባንኩን ደብዳቤ አውጥታችሁ ጉድለቶቹን አንድ በአንድ ለዩ፤ ሁሉም እኩል አይደሉም። ባንክ የሚመለከተው ሰነድ እንጂ ዕቃ አይደለም፤ ዩሲፒ 600 የተባለው የኤልሲ ደንብም የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ «የድርጅቱ ስም ውስጥ አንድ ፊደል ጎደለ» የሚለውም «የኢንስፔክሽን ሰርተፊኬት የለም» የሚለውም በባንኩ ዓይን ዲስክሪፓንሲ ናቸው። በእናንተ ዓይን ግን የመጀመሪያው ምንም ነው፣ ሁለተኛው ሁሉም ነገር ነው።

የፊደል ስህተት፣ የኢንቮይስ ቁጥር መሳሳት፣ ዕቃው ከተጫነ በኋላ ከ21 ቀን ያለፈ የሰነድ አቀራረብ ከሆነ፣ የፍተሻ ሰርተፊኬቱም ንጹሕ ከሆነ፣ በቃለ ጉባኤ ወስናችሁ ተቀበሉ። የመዘግየቱ ምክንያት ጭነቱ ራሱ ዘግይቶ ከሆነ ከመቀበላችሁ በፊት በውሉ ያለው የዘገየበት ቅጣት ከክፍያው እንዲቀነስ ሻጩ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ከተቀበላችሁ በኋላ ያ ገንዘብ አይገኝም። የፍተሻ ሰርተፊኬቱ ከሌለ ወይም የዕቃው መግለጫ ከተለየ ግን አትቀበሉ። በየትኛውም መንገድ ፍጠኑ፤ ባንኩ ሰነዱን መርምሮ ለመመለስ ያለው ጊዜ 5 የባንክ የሥራ ቀን ነው፤ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) በባንኩ ስም ከሆነ ደግሞ ያለ ባንኩ ፊርማ ዕቃው ከወደብ አይወጣም።

ኦዲቱን በተመለከተ፣ የሚያስጠይቃችሁ መቀበላችሁ ሳይሆን ለምን እንደተቀበላችሁ ያልጻፋችሁ መሆኑ ነው። የግማሽ ገጽ ቃለ ጉባኤ ይበቃል፦ ጉድለቱ ምን ነበር፣ በዕቃው ላይ ምን ለውጥ ያመጣል፣ በቀን ስንት ኪራይ እየቆጠረ ነው።

አሁን ወደ ሥሩ እንሂድ፤ ይህ ችግር የሚወለደው ኤልሲው ሲሞላ ነው። በኤልሲው የስዊፍት (የባንኮች መልእክት መለዋወጫ) ቅጽ የዕቃው መግለጫ የሚገባበት መስክ 45ኤ ይባላል። ብዙ ድርጅት የጨረታውን ሦስት ገጽ ዝርዝር እንዳለ እዚያ ይገለብጣል። በደንቡ መሠረት የኢንቮይሱ መግለጫ ከኤልሲው ጋር መግጠም አለበት፤ ስለዚህ ከሦስት ገጽ ውስጥ አንዲት ቃል ስትዛነፍ ጉድለት ሆነች። የዕቃውን ስም፣ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋ ጻፉና «ዝርዝሩ በዚህ ቀንና ቁጥር በተሰጠው ፕሮፎርማ መሠረት» በሉ፤ በቃ። ቁጥጥሩ በ46ኤ ይግባ፤ የትኛው ሰነድ፣ ማን የፈረመው፣ ስንት ቅጂ። «ሻጩ ዕቃው ጥሩ መሆኑን ያረጋግጥ» የሚል ሰነድ ግን አትጠይቁ፤ ሻጭ ዕቃዬ መጥፎ ነው አይልም።

የመጨረሻው የጭነት ቀን ያለበት 44ሲ ሁለተኛው ወጥመድ ነው። ውሉ ሲፈረም የተቆጠረው 120 ቀን ኤልሲው በምንዛሬ ወረፋ ምክንያት ከ3 ወር በኋላ ሲከፈት እዚያው ቀርቶ ይገኛል። ሻጩ ማሻሻያ ይጠይቃል፣ ባንኩ ለእያንዳንዱ ያስከፍላል፣ ሳምንታት ይሄዳሉ። የጭነት ጊዜው ኤልሲው ከተከፈተበት ቀን እንዲቆጠር በውሉ ጻፉ። የመድረሻ ቦታውም በ44ቢ ሞጆ ወይም ሌላ ደረቅ ወደብ መሆኑ ይገለጽ። በመልቲ ሞዳል ሥርዓቱ አጓጓዡ ዕቃውን እስከ ደረቅ ወደቡ በአንድ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ኃላፊነት ወስዶ ያመጣዋል፤ «ጅቡቲ» ተብሎ ከተጻፈ ከዚያ ወዲህ ያለው ጣጣ የእናንተ ነው።

ክፍያውን በተመለከተ 90 በመቶ በሰነድ፣ 10 በመቶ ዕቃው ቦታው ደርሶ ተፈትሾ የሚለውን ብንመርጥ ደስ ይለናል። ሻጩ እምቢ ካለ ወይም ዋጋ ከጨመረ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚከፈል የውል ማስከበሪያ በአገር ውስጥ ባንክ በኩል ተረጋግጦ ይምጣ። በኢንሹራንስ ኩባንያ የተሰጠ «በማጣራት የሚከፈል» ማስከበሪያ ለዚህ አይሆንም።

ጥያቄ (የዩኒየን ሠራተኛ፣ ፍኖተ ሰላም)፦ ማዳበሪያን የሚገዛው የመንግሥት ድርጅት ነው፤ በጅምላ ስለሚገዛም ዋጋው ይቀንሳል ይባላል። ታዲያ ገበሬው ለምን በቆሎ ሊዘራ ሲል ይጠብቃል?

መልስ፦ ማዳበሪያውን ለአገሪቱ በአንድነት ከውጭ የሚያስገባው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። በጅምላ መግዛት ዋጋ እንደሚቀንስ እርግጥ ነው፤ ቀን ግን አይቀንስም፣ እንዲያውም ይጨምራል። ፍላጎቱ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል፣ ከዚያ ወደ ሚኒስቴር እየተደመረ እስኪደርስ አንዱ ወረዳ ቢዘገይ ድምሩ ሁሉ ይዘገያል።

መንገዱን ወደ ኋላ ቁጠሩት። ምዕራብ ጎጃም በቆሎ የሚዘራው ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ኤንፒኤሱ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) ከዘር ጋር ስለሚገባ ያኔ ቀበሌ መድረስ አለበት። አንድ የ50,000 ቶን መርከብ 500,000 ኩንታል ይዟል። 400 ኩንታል በሚጭን መኪና 1,250 ጉዞ ነው። በቀን 100 መኪና ቢጫንለት እንኳ 12 ቀን ተኩል። ይህ የአንድ መርከብ ብቻ ነው፤ የሌላው ክልል ማዳበሪያም በዚያው ወደብና በዚያው መኪና ነው የሚመጣው። ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ማኅበር የሚሄደውን ደግሞ ሰኔ የጥርጊያውን መንገድ ሲያጨቀየው እናንተ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ግንቦት እንዲደርስ መርከቡ በጥርና በየካቲት ማራገፍ መጀመር አለበት፤ ኤልሲው በኅዳር አካባቢ መከፈት፣ ጨረታው ደግሞ ክረምቱ ሳያልቅ መውጣት። ምንዛሬው በአንድ ወር ቢዘገይ መዘግየቱ ወር ብቻ አይሆንም፤ መርከቦቹ ተጠጋግተው ስለሚደርሱ ወደቡ ላይ ይሰለፋሉ፣ መኪናም ይጠፋል። ኤንፒኤስ ከሚያቀርቡት አንዱ የሞሮኮው ኦሲፒ ነው፤ ከሞሮኮ የሚነሣ መርከብ በሱዌዝና በቀይ ባሕር ይመጣል። ከ2016 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ ዞረው ለመሄድ ተገደዋል፤ ያ ሳምንታት ይጨምራል።

በእናንተ እጅ ያለው አንድ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ዩሪያ የሚጨመረው ቡቃያው ከወጣ ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ መጋዘናችሁ ጠባብ ከሆነ የመጀመሪያው መኪና ኤንፒኤስ ይሁን። የጤፉ ዘር ወደ ሐምሌ ስለሚሄድ የበቆሎው ወረዳ ይቅደም። ሲደመር የሚላከው የፍላጎት ቅጽ ላይ ይህን በወር ከፋፍላችሁ ላኩ፤ ዓመታዊ ድምር ብቻ ከላካችሁ ገዢው ማን እንደሚቀድም አያውቅም።

ጥያቄ (የሎጂስቲክስ ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር)፦ ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃችን በየትኛው ደረቅ ወደብ ይግባ፣ ሞጆ ነው ወይስ ወረታ?

መልስ፦ ለባሕር ዳር በርቀት ወረታ ይቀርባል። ኤልሲው ከመከፈቱ በፊት ግን ወረታ የእናንተን ዓይነት ኮንቴይነር በወቅቱ እየተቀበለ መሆኑን፣ ጉምሩክም እዚያ እንደሚያስተናግድ በደብዳቤ ጠይቁ። ለደብረ ማርቆስና ለደጀን ሞጆ ያመቻል። የዓባይን በረሃ የሚወርድ ከባድ ጭነት ካላችሁ ከሐምሌና ከነሐሴ ውጭ አድርጉት።

ጥያቄ (የውስጥ ኦዲተር፣ ባሕር ዳር)፦ የግዥ ክፍሎች «ዝቅተኛውን ዋጋ ካልወሰድን እናንተ ታስጠይቁናላችሁ» ይሉናል። የውጭ ግዥን አፈጻጸም በምን እንለካ?

መልስ፦ ክሱ በከፊል እውነት ነው። ኦዲት የሚጠይቀው «ለምን ርካሹ ተተወ» ብቻ ከሆነ ገዢው ርካሹን ወስዶ ዝም ይላል፤ ዕቃው ከተቃጠለ ጥያቄው ለጥገና ክፍሉ ነውና። ለዚህ እናንተም ድርሻ አላችሁ።

ለእያንዳንዱ የውጭ ግዥ አንድ ገጽ የቀን መዝገብ አስከፍቱ፦ የግዥ ጥያቄ፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ አሸናፊ የተገለጸበት፣ ውል፣ የምንዛሬ ጥያቄ፣ ኤልሲ፣ ጭነት፣ ጅቡቲ መድረስ፣ ደረቅ ወደብ፣ ከጉምሩክ መውጣት፣ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ)። ጥቂት ግዥ ተመዝግቦ ሲታይ ጊዜው የሚበላው የት እንደሆነ ይገለጣል፤ ሁሉም በባሕሩ የሚሳበብ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን ዝርዝር መግለጫው ሦስት ጊዜ ወደ ቴክኒክ ክፍል ሲመላለስና ግምገማው በጽሕፈት ቤት ሲተኛ ነው። በዚያ ላይ የኤልሲ ማሻሻያ ብዛት፣ የተከፈለ ዴመሬጅ (ኮንቴይነር በመዘግየቱ የሚከፈል ቅጣት) ና ኪራይ፣ ግምጃ ቤት ሲደርስ የተመለሰ ዕቃ መጠን፣ የመጨረሻው ወጪ ከመነሻ ግምቱ ጋር። ምንዛሬው ለብቻው። ዝቅተኛ ዋጋ የሚለውን ደግሞ በጨረታ ሰነዱ አስቀድሞ በተጻፈው ቀመር «ተገምግሞ ዝቅተኛ የሆነ» ብላችሁ ጠይቁ፤ በቀመሩ ከተሠራ በመነበቢያ ዋጋ ሁለተኛ የነበረው ቢያሸንፍ ነውር የለበትም።

ጥያቄ (የግምጃ ቤት ኃላፊ፣ ዳንግላ)፦ ከውጭ የመጣ ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ቶሎ ገቢ አድርግ እያሉ ያጣድፉኛል። ሳጥኑን ሳልከፍት መፈረም እችላለሁ?

መልስ፦ አይፈርሙ። የኮንቴይነሩን ፕሎምፕ (የበር ማሸጊያ) ቁጥር ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ ጋር ሳያመሳክሩ አይቁረጡት፤ ከተለየ ወይም ከተነካ ፎቶ ያንሡ፣ ሹፌሩና ትራንዚተሩ ባሉበት ይጻፉ፣ ኢንሹራንሱን በዚያው ዕለት ይጥሩ። ማስታወቂያው ከዘገየ ኢንሹራንስ ካሣ ሊከለክል ይችላል።

ከዚያ ፓኪንግ ሊስቱን (በየሳጥኑ ያለውን የሚዘረዝረውን ወረቀት) ይዘው ሳጥን በሳጥን ይቁጠሩ። በመለያ ቁጥር የሚታወቅ ዕቃ ከሆነ ቁጥሩ ከፋብሪካው የፍተሻ ወረቀት ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ሌላ ቁጥር ከሆነ የተፈተሸው ይህ ዕቃ አይደለም። ትራንስፎርመር ከሆነ የዘይት መፍሰስን፣ የፖርስሊኑን መሰንጠቅና የዘይት ልኩን ይመልከቱ፤ ለፓምፕ ዘንጉ በእጅ ይዞር። የቴክኒክ ኮሚቴው ሪፖርት ሳይመጣ ዕቃው በጊዜያዊ መረከቢያ ይቀመጥ፤ ሞዴል 19 የሚቆረጠው ኮሚቴው ከፈረመ በኋላ ነው። እሷ ወረቀት ከወጣች ሻጩ ቀሪውን 10 በመቶ ይጠይቃል፣ የውል ማስከበሪያውም መመለሻ መቁጠር ይጀምራል። የሚያጣድፉዎት ሰዎች ዴመሬጅን ካነሡ ደግሞ ኮንቴይነሩን ባዶ አድርገው ለባለቤቱ መመለስና ዕቃውን መረከብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ይንገሯቸው፤ ኮንቴይነሩ ነገ ይሂድ፣ ዕቃው ግን ኮሚቴው እስኪያየው ይጠብቅ።